ጥንዚዛው ጀርባ ላይ ያልነበረው ቀለበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካለ አዟሪ እየገዛሁ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያጻፈኝ ባለፈው እትም በወጣቶች ዓምድ ላይ ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ትንንሽ ነገሮችን አቅርቦ ስለ ማንሳት፣ ማክሮ ስለሚባለው የፎቶ ዓይነት የሚያወራው። በአማርኛ ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሌንስና ስለ ስልክ ብዙ ይላል። ስለ ብርሃን ግን ያለችው አንድ መስመር ናት፦ ጀማሪ ሪንግ ላይት የሚባለውን ክብ መብራት ከገዛ ይበቃዋል ትላለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህን አንብቦ ያጠራቀማትን ብር ይዞ ሱቅ የሚሄድ ልጅ ይኖራል። ልጁ ሳይሄድ ብትደርስ ብዬ ነው ይህችን የምጽፈው።

ጎንደር ውስጥ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ አለ። የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ሁሉም ተራ በተራ አጎንብሶ እስኪያይ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በፊት ነፍሳትንና ዘሮችን ራሴ ፎቶ እያነሳሁ፣ አሳትሜ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላነሳት የፈለግኋት ነቀዝን ነበር። ልጆቼ ነቀዝን ሁሉም ያውቋታል። እናቶቻቸው ማሽላና በቆሎ ሲያበጥሩ ከሥር ስትሯሯጥ አይተዋል። ፊቷን ግን አንድም ልጅ አይቶ አያውቅም። ርዝመቷ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሚሊ ሜትር ነው።

ያገለገለ ካኖን ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። በመሃላቸው የሚገቡ፣ ሌንሱን ከካሜራው አርቀው በቅርብ ለማንሳት የሚያስችሉ ሦስት ማራዘሚያ ቀለበቶችም አገኘሁ። (ቀለበት የምትገዙ ልጆች፣ ካሜራውንና ሌንሱን የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ኮንታክት ያለውን ግዙ። ኮንታክት የሌለው ርካሽ ነው፤ ግን ካኖን ላይ የሌንሱን ቀዳዳ ከካሜራው ማጥበብ አያስችላችሁም።) ነቀዟን ሳህን ላይ አድርጌ ተጠጋሁ። ጨለመብኝ። ጠረጴዛው ያለው መስኮት ሥር ነው፤ ሰዓቱም ረፋድ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጨለመ።

ለምን እንደሚጨልም የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድን ነገር በቁመቱ ልክ፣ አንድ ለአንድ፣ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ለማሳረፍ ስንጠጋ ጥርት የሚለው ቦታ ቀጭን ይሆናል። ቀዳዳውን 11 ላይ አድርጌ እንኳ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ጥርት የሚለው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የነቀዟ ዓይን ጥርት ሲል ትከሻዋ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀዳዳውን ማጥበብ ግድ ነው፤ ሲጠብ ደግሞ ብርሃን ያንሳል። በዚህ ላይ ሌንሱ ከሴንሰሩ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ለአንድ ላይ የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነው። 11 ያልነው ቀዳዳ እንደ 22 ሆኖ ይሠራል። እጅም ይንቀጠቀጣል። ነቀዟም አትቆምም።

ብርሃን ልግዛ ብዬ አንድ ሱቅ ሄድኩ። የጠየቅሁት ሪንግ ፍላሽ ነበር። ሻጩ ሪንግ ላይት አወጣና «እሱው ነው ቲቸር፣ ሁለቱም አንድ ናቸው» አለኝ። አምኜው 4,200 ብር ከፈልኩ። አንድ አይደሉም። ሪንግ ፍላሽ ኃይል አጠራቅሞ በአንድ ብልጭታ ይለቀዋል። ሪንግ ላይት ግን ዝም ብሎ የሚበራ የኤልኢዲ መብራት ነው፤ ለቪዲዮና ለራስ ፎቶ የተሠራ። ሱቅ ውስጥ ሲበራ ዓይን ያጥበረብራል፤ ማክሮ ላይ ግን አቅም የለውም። ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ የሰከንድ 1/30 ላይ ለማድረግ ተገደድኩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነቀዟ እግሯን አንስታ አስቀምጣለች። አይሶውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ስጨምር ደግሞ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ሱቁ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። በቃ፣ ባለኝ ልሥራ ብዬ ነቀዟን ትቼ የማይንቀሳቀስ ነገር ፈለግሁ። ግቢያችን ውስጥ ሞቶ የተገኘ ጥቁር ጥንዚዛ ነበር። እሱን አነሳሁት፣ አሳተምኩት፣ ለጠፍኩት። ልጆቹም «የምታዩትን ሳሉ» ተባሉ።

ደብተር ሳርም አንዱ ልጅ የሳለው ላይ ቆምኩ። ጎበዝ ሠዓሊ ነው። ስድስቱንም እግር፣ ቀንዶቹን፣ ክንፎቹ የሚገጥሙበትን መስመር ሁሉ በእርሳስ አስቀምጧል። ጀርባው ላይ ደግሞ ክብ ቀለበት ስሏል። ከጎኑ በቀስት «ነጭ ቀለበት፣ መለያ ምልክቱ» ብሎ ጽፏል።

ያ ቀለበት የመብራቱ ነጸብራቅ ነው። ጥንዚዛው ጀርባ ላይ ምንም ምልክት የለም። የጥንዚዛ ጀርባ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ፊቱ የቆመውን መብራት ቅርጹን ሳይቀይር መልሶ ያሳያል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ያየውን ነው የሳለው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፎቶዬ የሌለ ነገር አስተማረ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አዘጋጁ ሆይ፣ «ይበቃዋል» የምትለው ቃል ለምን እንዳስደነገጠችኝ ከዚህ ይገባዎታል።

ሪንግ ፍላሽ ራሱ መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም። ሌስተር ዳይን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲፈለስፈው ለጥርስ ፎቶ ብሎ ነው። አፍ ውስጥ ከጎን ብርሃን ማስገባት አይቻልም፤ ከንፈርና ጉንጭ ጥላ ይጥላሉ። በሌንሱ ዙሪያ የሚበራ ነገር ያንን ጥላ ያጠፋል። ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ዛሬ ያ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ የሆነባት ናት። ጥርስና ቁስል የሚያነሱ ሐኪሞቻችን ሪንግ ፍላሽ ቢይዙ ትክክል ነው። ነፍሳት ግን ሌላ ናቸው። የነፍሳትን አካል የምናነበው በጥላው ነው፤ ጉድጓዱና እብጠቱ የሚለየው በጥላ ነው። ከፊት ለፊት በእኩል ሲበራባቸው ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሰፌድ ይመስላል።

ያዳነኝ አጎቴ ነው። ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። የግማሹ ከተማ ጉርድ ፎቶ በሱ እጅ አልፏል። ሙሽሮችን የሚያቆመው የፋሲል ግንብ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ነበር። የጥንዚዛውን ፎቶ ይዤለት ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ ዝም ብሎ አየው።

«አንቺ ልጅ፣ ብርሃንሽ ትንሽ ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከዚህ የሚበልጥ ከየት አመጣለሁ? ገንዘቤም አልቋል» አልኩት።

«ኃይሉን አላልኩሽም። ስፋቱን ነው ያልኩሽ።»

ተነስቶ ከጓዳ ማንኪያ አመጣ። ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ያዘና ሪንግ ላይቱን አብሪ አለኝ። ማንኪያው ላይ ቀለበቷ ቁልጭ ብላ ታየች። ከዚያ የባለቤቱን አሮጌ ነጠላ አጥፎ በመብራቱና በማንኪያው መሃል ዘረጋው። ቀለበቷ ጠፋች። ነጠላውን ወደ ማንኪያው አስጠጋው፣ አስጠጋው። ማንኪያው ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነጭ ሆነ፤ በአንድ በኩል ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይሄዳል። «አሁን ብርሃኑ ነጠላው ነው፤ መብራቱን እርሺው» አለኝ።

ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። ማንኪያና ነጠላ የሌለበት ቤት የለም።

ነገሩ ሲገባ ቀላል ነው። ብርሃን ለስላሳ የሚሆነው ከሚበራለት ነገር አንጻር ሰፊ ሲሆን ነው። ፀሐይ እጅግ ትልቅ ናት፤ ግን ስለራቀች ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ለዚህ ነው በበጋ እኩለ ቀን ላይ ጥላችን በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው። በክረምት ደመና ሲሞላ ግን ብርሃን ሰጪው ሰማዩ በሙሉ ይሆናል፤ ጥላ ይለዝባል። ነቀዝ ደግሞ አራት ሚሊ ሜትር ናት። አንድ ስንዝር ወረቀት አጠገቧ ብናቆምላት ለሷ ሰማይ ማለት ነው። ለሠርግ ፎቶ ጃንጥላ የሚያህል ብርሃን ያስፈልጋል፤ ለነቀዝ የደብተር ሽፋን የሚያህል ይበቃል። ትንሽ ነገር የምናነሳ ሰዎች የታደልነው በዚህ ነው።

መቅረቡ ሌላም ነገር ይሰጣል። ብርሃንን ከ40 ሴንቲ ሜትር ወደ 10 ብናስጠጋው የሚደርሰው 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽዬ ፍላሽ በትንሽ ኃይሏ ትበቃለች። ፍላሽ ደግሞ ኃይሏ ሲቀነስ ብልጭታዋ ያጥራል። ብዙዎቹ ካሜራ ላይ የሚሰኩ ፍላሾች 1/32 ኃይል ላይ ሲሆኑ ብልጭታው የሰከንድ 1/10,000 ገደማ ወይም ከዚያ ያጠረ ነው። የምትሮጥ ነቀዝ በዚያ ቅጽበት ውስጥ የትም አትደርስም። የእጄም መንቀጥቀጥ አይታይም። ሪንግ ላይቱ ሊሰጠኝ ያልቻለው ይህንን ነው።

አጎቴ የራሱን የድሮ ፍላሽ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። ደግነቱ አንድ ጥገና የሚሠራ ጎረቤታችን «ቆይ ልለካው» አለ። ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ይልካል። የድሮ ፍላሾች አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው፤ ዲጂታል ካሜራን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ከአያት ከአጎት ፍላሽ የወረሳችሁ ልጆች ሳታስለኩ እንዳትሰኩ አደራ። በኋላ ኃይሏ በእጅ የሚቀነስ፣ በአራት ትንንሽ ድንጋይ የምትሠራ ያገለገለች ፍላሽ አገኘሁ። መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ አታሳስበኝም።

ከዚያ ማለስለሻውን ሠራሁ። መጀመሪያ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ፍላሹ ፊት አሰርኩ። ብርሃኑ ለሰለሰ፤ ግን ጀሪካኑ ቢጫ ስለነበር ማኛው ጤፍ ቀይ ጤፍ መስሎ ወጣ። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ በዚያች ላይ ቀለም ከተሳሳተ ምን ቀረ? ጀሪካኑን ተውኩት። አሁን የምጠቀምበት እንዲህ ነው። የብስኩት ካርቶን ፈትቼ እንደ ቀንድ፣ ከፍላሹ በኩል ጠበብ ከፊት ሰፋ አድርጌ አጠፍኩት። ውስጡን በወጥ ቤት ፎይል ለበጥኩት። አፉ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው። አፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የመሐንዲሶች ወረቀት፣ ትሬሲንግ ፔፐር፣ ለጠፍኩ። አንድ ወረቀት ብቻ ስለጥፍ መሃሉ ላይ የሚያቃጥል ነጥብ ቀረ። ስለዚህ አራት ጣት ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ሁለተኛ ወረቀት ጨመርኩ። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍት ቦታ ነው ብርሃኑን የሚያዳርሰው፤ ወረቀቶቹን አጣብቆ መለጠፍ ያንን አይሰጥም። ከፍላሹና ከካሜራው ውጪ ያወጣሁት ብር የወረቀት፣ የፎይልና የፕላስተር ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋን ፎቶ ያነሳሁት እሑድ ከሰዓት ነው። ነቀዟ አንዲት የማሽላ ፍሬ ላይ ወጥታለች። ቀዳዳ 11፣ ሻተር 1/160፣ አይሶ 200፣ ፍላሽ 1/16። ወረቀቱ ከሷ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው የራቀው፤ ከላይና ትንሽ ከግራ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አጉልቼ ሳየው ባለቤቴን ከጓዳ ጠራሁት። አፏ እንደ ቀንድ ረዝሞ ወደ ታች ይቀለበሳል። ከአፏ ሥር የወጡት ሁለት ቀንዶች እንደ ክርን ታጥፈዋል። ትከሻዋ በሙሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ አንድ ዳር ብርሃን፣ አንድ ዳር ጥላ ይዛለች። ክንፏ ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጥቦች አሉ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። በሪንግ ላይቱ ካነሳኋት ላይ እነዚህ ነጥቦች ጭራሽ አልነበሩም። ነጸብራቁ ሸፍኗቸው ነበር። አንድ እግሯ ላይ ደግሞ ዱቄት አለ። የማሽላዋ ዱቄት።

ያንን ሰኞ ለጠፍኩት። ቀለበት የሳለው ልጅ ፊቱን አስጠግቶ ነጥቦቹን በጣቱ ቆጠረ። አራት። የዚያን ቀን የተማርነው ብዙ ነው። አያቶቻችን ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ ይፈጠራል ይሉ ነበር፤ ልጆቹም እንደዚያው ነበር የሚያስቡት። በዚያ ረጅም አፏ ፍሬውን እንደምትበሳ፣ እንቁላሏን ከትታ መልሳ እንደምትደፍነው፣ ልጇ ውስጥ ውስጡን በልታ አድጋ እንደምትወጣ ስነግራቸው አፏን ያዩ ልጆች ወዲያው ገባቸው። ጤፍን ለምን ነቀዝ እንደማይነካው የመለሰችው ራሷ አንዲት ተማሪ ናት፤ «በየት ትገባለች? ቤቱ ይጠባታል» አለች። ትክክል ናት።

በመስከረም አደይ አበባ ላይ የምትቀመጥ ንብ ለማንሳት የምትፈልጉ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። በማለዳ ሂዱ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፤ ንቧ ሳትሞቅ ፈጥና አትበርም፣ ወረቀቱን ቀስ አድርጋችሁ ብታስጠጉላት አትደነግጥም። ሌላው፣ የፍላሽ ብርሃን አጠገብ ያለውን አብርቶ ወዲያው ስለሚሳሳ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ንቧ ሌሊት የተነሳች ይመስላል። ከኋላዋ አንድ ጭብጥ ርቃ ሌላ አደይ ወይም ቅጠል ካስቆማችሁ ብርሃኑ ስለሚያገኛት ቀኑ ቀን ይመስላል። ነፍሳትን ለፎቶ ብላችሁ በብርድ አታፍዙ፣ አትግደሉ። ትዕግሥት ይበቃል።

ፍላሽ የማይወጣበት ቦታም አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ በፍላሽ ማንሳት ክልክል ነው። እነዚያ ከጣሪያ የሚያዩን መላእክት በቀለም የተሳሉ ናቸው፤ ቀለም ብርሃን በበዛበት ቁጥር ይደክማል። ካርቶኔን ቤት ትቼ ነው የምሄደው።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህ ነው። በዚያው ዓምድ ላይ ስለ ብርሃን አንድ ሙሉ ጽሑፍ አውጡ። ሪንግ ላይት አስቀድመው የገዙ ልጆችም ስላሉ እንዳትተዋቸው። ነጠላ ወይም ወረቀት አስጠግተው፣ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አስቀምጠው፣ ሻተሩን አርዝመው፣ በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ቢያነሱ ለዘር፣ ለቅጠል፣ ለሳንቲም በደንብ ይሠራል። ነፋስ በሌለበት ቤት ውስጥ ይሁን። ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ርካሽ ኤልኢዲ ከሆነ ፎቶው ላይ ጥቋቁር መስመር ሊያወጣ ይችላል፤ መብራታችን በሰከንድ መቶ ጊዜ ስለሚርገበገብ ነው። ያን ጊዜ ሻተሩን ማዘግየት ያጠፋዋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ነገር ልኬላችኋለሁ፤ በሪንግ ላይት የተነሳውን ጥንዚዛ፣ ያንኑ ጥንዚዛ በካርቶኑ ብርሃን ደግሜ ያነሳሁትን፣ እና የልጁን ሥዕል ፎቶ። ልጁና ወላጆቹ ፈቅደዋል፤ ስሙን ግን አታውጡ። ክፍያ አልፈልግም። ቦታ ካጠረባችሁ የነቀዟ ወሬ ይቅር፤ ሁለቱን ጥንዚዛዎች ግን ጎን ለጎን አትሙልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የባዮሎጂ መምህርት
ማራኪ፣ ጎንደር